ከሆስፒታሉ በር በኋላ፦ ከሱስ የማገገም ታሪክ ከባልቲሞር እስከ አዲስ አበባ

(ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የታሪክ ትምህርት ክፍል ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእስ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ይልቅ ለሕክምና ፋኩልቲ የሚስማማ መስሎ የታያቸው ባልደረቦች ጠይቀውኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት ለማዘዝም አልቆምኩም። ሆኖም አንድ ቤተሰብ ከመካከሉ ሰው በመጠጥ ወይም በሌላ ሱስ ተይዞ ሲጨነቅ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ወዴት እንውሰደው?» የሚል ነው። ይህ የቦታ ጥያቄ ነው። ቦታዎች ደግሞ ታሪክ አላቸው፤ ማን እንደመሠረታቸው፣ ለማን እንደተከፈቱ፣ ለምን እንደተዘጉ የሚናገር መዝገብ አላቸው። ከዚህ ጥያቄ ኋላ «ሲወጣስ ወዴት ይግባ?» የሚል ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህኛው ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ መዝገብም የለውም ማለት ይቻላል። ላለፉት መቶ ሰማንያ ዓመታት ያህል የተደረጉትን ሙከራዎች ስመረምር፣ የጸናውን ካልጸናው የለየው በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያዎቹ ደግሞ ዓመተ ምሕረት ብዬ በጠራሁ ጊዜ በራሳችን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ከምናውቀው እንጀምር። በክርስቲያኑ ቤት አንድ ሰው መጠጥ እንዲተው ሲፈለግ ከሐኪም በፊት የሚጠራው የነፍስ አባቱ ነው። ሰውየው ይገዘታል። ግዝት ቀላል ነገር አይደለም፤ ምስክር አለው፣ ፈጣሪ አለበት፣ ማፍረሱም ያስፈራል። ብዙ ሰው በግዝት ጸንቷል፤ ይህን የሚንቅ ታሪክ ጸሐፊ ሰነፍ ነው። ግን ግዝቱ የሚፈጸመው በአንድ ቀን ነው፤ የሚጠበቀው ደግሞ በየምሽቱ ነው። ካህኑ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሰውየው ከምሽቱ ጋር ብቻውን ይቀራል።

ይኸው ሁኔታ በሌላው ዓለምም ታይቷል። በ1838 ቴዎባልድ ማቲው የተባሉ የካቶሊክ ካህን በአየርላንድ ኮርክ ከተማ ሕዝቡን ከመጠጥ የመራቅ ቃል ያስገቡ ጀመር፤ በጥቂት ዓመታትም በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ቃል ገባ። ታላቁ ረኃብ ከመጣ በኋላ ግን እንቅስቃሴው ተዳከመ። በ1840 ደግሞ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ይዘወትሩ የነበሩ ስድስት ጠጪዎች ተማምለው መጠጥ ተዉ። ራሳቸውንም በአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ስም «ዋሽንግተናውያን» አሉ። ልብስ ሰፊና አንጥረኛን የመሰሉ የእጅ ሙያተኞች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሐኪምም ካህንም አልነበረም። አዲስ ነገራቸው ምን ነበር? ስለ ጠጪ የሚሰብከው ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ሳይሆን ራሱ ጠጥቶ የተወ ሰው መሆኑ ነው። እያንዳንዱ አባል ሌላ ጠጪ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ሥራ ያፈላልጉለታል፣ ልብስ ይሰጡታል።

በ1842 በኢሊኖይ ስፕሪንግፊልድ ለዚህ ማኅበር ንግግር ያደረገ አንድ ወጣት ጠበቃ ነበረ፤ ስሙ አብርሃም ሊንከን። የንግግሩ ፍሬ ነገር ጠጪን በኩነኔ ሳይሆን በወዳጅነት ቅረቡት የሚል ነበር፤ ያልወደቅነውን ያዳነን ከመልካምነታችን ይልቅ የመጠጥ ፍላጎቱ በውስጣችን አለመኖሩ ሊሆን እንደሚችልም አክሏል። አድማጮቹ ምእመናን ይህ ብዙም እንዳልጣማቸው ይነገራል። አይገርምም፤ ዛሬም አይጥምም።

ዋሽንግተናውያን በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ አባላት አፍርተው ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ተበተኑ። አንደኛው ምክንያት መጠጥ በሕግ ይከልከል አይከልከል በሚለው ፖለቲካ መከፋፈላቸው ነው። ሁለተኛውና ለእኔ የሚከብደው ግን ቃል ከማስገባት ያለፈ የዕለት ተዕለት ሥርዐት አለማበጀታቸው ነው። ስብሰባው ሞቅ ያለ ነበር፤ ከስብሰባው በኋላ ያለው ምሽት ግን ባለቤት አልነበረውም።

ቀጥሎ ተራው የሐኪሞች ሆነ። በ1864 በኒው ዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን በተባለው ስፍራ ለጠጪዎች ብቻ የታነጸ ታላቅ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ወደ አእምሮ ሕሙማን መጠለያነት ተለወጠ። ሌስሊ ኪሊ የተባለ ሐኪም ደግሞ ወርቅ አለበት ያለውን መርፌ በቀን አራት ጊዜ እየወጋ በመላው አገሪቱ ተቋማት ከፈተ። የወርቁ ነገር ማታለያ ነበር። የሚያስደንቀው ግን ከዚያ የወጡ ሰዎች በየከተማቸው የራሳቸውን ማኅበር እየመሠረቱ መሰብሰባቸው ነው። መርፌው ካዳነው ይልቅ ማኅበሩ ያዳነው ሳይበልጥ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

የ1935ቱን የኦሃዮ አክረን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከኒው ዮርክ የመጣው የአክሲዮን ደላላ ቢል ዊልሰንና የአክረኑ ቀዶ ሐኪም ቦብ ስሚዝ ተገናኝተው ስማቸው የማይገለጥ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበርን ጀመሩ። ዋሽንግተናውያን የሳቱትን ሁለት ነገር እነዚህ አላገኙም አይባልም፤ ከፖለቲካ ራቁ፤ ስብሰባውንም በየሰፈሩና በየሳምንቱ አደረጉት። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ይህ ማኅበር ፈተና ነው። ስም አይመዘገብም፤ የአባላት ዝርዝር የለም። ሆስፒታል የገባውንና የወጣውን ይቆጥራል፤ እነዚህ ግን ቆጥረው ያላስቀመጡት ነገር ዋናው ነገር ነው።

በዚያው በ1935 የአሜሪካ መንግሥት በኬንታኪ ሌክሲንግተን አጠገብ እርሻ ያለው፣ ግማሹ ሆስፒታል ግማሹ ወህኒ የሆነ ትልቅ ተቋም ከፈተ። የሄሮይንና የሞርፊን ሱሰኞች ከመላው አገሪቱ ወደዚያ ይላኩ ነበር። ሕሙማኑ ላም ያልቡ፣ ማሳ ያርሱ፣ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ከመካከላቸው ስመ ጥር የጃዝ ሙዚቀኞች ስለነበሩም ሙዚቃው የተደነቀ ነበር። ምግቡ ጥሩ፣ ሐኪሞቹ ብቁ፣ ምርምሩም የጊዜው ከፍተኛ ነበር። ከዚያ ወጥተው ወደ ኒው ዮርክ የተመለሱትን የተከታተለና በ1962 የወጣ ጥናት ግን ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል ዳግመኛ ወደ ሱሳቸው መመለሳቸውን አሳየ።

ለምን? ሕክምናው ሐሰት ስለነበረ አይደለም። ሰውነቱ ከመርዙ ጸድቶ ነበር። ግን ሰውየው ከሰፈሩ አንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ታክሞ፣ በባቡር ተመልሶ፣ እዚያው ጎዳና ላይ፣ እነዚያው ጓደኞቹ መካከል ይወርዳል። ሐራራ የሚቀሰቀሰው በደም ውስጥ ባለው ነገር ብቻ አይደለም፤ በመንገድ መታጠፊያ፣ በድምፅ፣ በደመወዝ ቀን፣ በሚታወቅ በር ጭምር ነው። ሌክሲንግተን ውስጥ እነዚህ አንዳቸውም አልነበሩም፤ ስለዚህ እነርሱን መቋቋምም እዚያ ሊለመድ አይችልም ነበር።

ከዚያ ወጥተው ከጸኑት አንዱ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሶኒ ሮሊንስ ነው። በ1955 ሲወጣ ወደ ኒው ዮርክ የምሽት ክበቦች በቀጥታ አልተመለሰም። ቺካጎ ቀረ፤ በወጣት ክርስቲያን ወንዶች ማኅበር ማደሪያ ተከራይቶ፣ የጉልበት ሥራ እየሠራ፣ መሣሪያውን እየተለማመደ ወራት አሳለፈ፤ ወደ መድረክ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአንድ ሰው ታሪክ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነገር ግን ማንም ያላዘዘለትን መካከለኛ ቤት ራሱ ማበጀቱን ማስተዋል ይገባል።

አሁን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ልውሰዳችሁ። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ አውራጃ ያለች፣ ከዋሽንግተን ከተማ ጋር የተያያዘች ከተማ ናት። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ እዚያ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው፤ በጆርጂያ አቬኑና በፌንተን ጎዳና የእንጀራ ሽታ ያልሸተተው እንግዳም ጥቂት ነው። ዘመድ ለመጠየቅ በሄድኩ ቁጥር የማነሣውና ዘመዶቼን የሚያስገርማቸው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ዛሬ በሺሕ የሚቆጠሩ ቤቶች ያሉት የማገገሚያ ቤት እንቅስቃሴ የተወለደው እዚያች ከተማ ውስጥ ነው።

በ1970 የአዮዋው ሴናተር ሃሮልድ ሂዩዝ፣ እርሱም መጠጥ የተወ ሰው ነበር፣ የአልኮል ሱስ ሕክምና የመንግሥት ኃላፊነት እንዲሆን ያደረገ ሕግ አጸደቀ። በዚህ መንፈስ አውራጃዎች ከሆስፒታል የወጡ ሰዎች ለስድስት ወር የሚቆዩባቸውን ቤቶች አቋቋሙ። በ1975 የሞንትጎመሪ አውራጃ በጀት ለመቆጠብ ሲል በሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት ቤቶች አንዱን ለመዝጋት ወሰነ። በቤቱ ዐሥራ ሦስት ወንዶች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ፖል ሞሎይ በሴኔት ኮሚቴ የሠራ ጠበቃ ነበር፤ መጠጡ ሥራውንም ቤቱንም አሳጥቶት ነበር። ነዋሪዎቹ የስድስት ወር ገደባቸው አልቆ የሚወጡ ጓደኞቻቸው ብዙም ሳይቆዩ ሲያገረሽባቸው አይተዋል። ስለዚህ ቤቱን ራሳቸው ለመከራየት ወሰኑ።

የሚቆጣጠር ሠራተኛ የለም፤ ደመወዝ የሚከፈለው አስተዳዳሪ ቀረ፤ ወጪውም በዚያው ቀነሰ። እያንዳንዱ ሠርቶ የቤት ኪራይ ድርሻውን ይከፍላል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በድምፅ ይመረጣሉ፤ ማንም ከስድስት ወር በላይ በአንድ ሥልጣን አይቆይም። አዲስ ሰው የሚገባው ከነዋሪው ሰማንያ በመቶው ሲስማማ ነው። የጠጣ ወይም ዕፅ የወሰደ ያኑ ይወጣል። ሌላ የመውጫ ቀን ግን የለም፤ ኪራይ እየከፈለና ከሱስ እየራቀ እስከኖረ ድረስ ቤቱ ቤቱ ነው። ስሙን ኦክስፎርድ ሃውስ አሉት።

ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ የእኛው እቁብና እድር ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፤ ወርኀዊ መዋጮ፤ በጉባኤ የሚጸድቅ ደንብ። ከሰፈር የወጣ ሥርዐት እንጂ ከቢሮ የወረደ አይደለም።

ቀሪው ታሪክ ፈጠን ብሎ ይነገራል። በ1988 የወጣ የአገሪቱ ሕግ እንደዚህ ያለ ቤት ለሚከፍቱ እስከ አራት ሺሕ ዶላር የሚያበድር ተዘዋዋሪ ገንዘብ በየግዛቱ እንዲቋቋም አደረገ። ጎረቤቶች ግን ተቃወሙ፤ «ጥሩ ነገር ነው፤ ግን በእኛ ሰፈር አይሁን» የሚለው ተቃውሞ በሁሉም አገር አንድ ነው። በዋሽንግተን ግዛት የኤድመንድስ ከተማ ዝምድና የሌላቸው ከአምስት በላይ ሰዎች በአንድ ቤት አይኖሩም የሚል ደንብ አንሥታ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1995 ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ከተማዋን ረታት። በ2006 የታተመው የሌናርድ ጄሰንና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ከሕክምና የወጡ 150 ሰዎችን በዕጣ ከሁለት ከፈለ፤ ግማሾቹ ወደ እነዚህ ቤቶች ገቡ፣ ግማሾቹ የተለመደውን ክትትል አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሱስ ጋር የተገኙት ከቤቶቹ ሰዎች 31 በመቶ ያህል፣ ከሌሎቹ 65 በመቶ ያህል ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒት አይደለም፤ የሚያድሩበት ቤት ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተመሠረተ፤ ለረጅም ዘመንም የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ይህ ማለት ከጎንደርም ከባሌም የሚመጣ ሕመምተኛ ቀናት ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርስ ነበር፤ ሲሻለውም ያንኑ መንገድ ይመለስ ነበር። ሌክሲንግተንን ያስታውሷል። ችግሩን ሐኪሞቹ ራሳቸው ያውቁት ነበር፤ በ1979 ዓ.ም. ገደማ የአእምሮ ጤና ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ክፍላተ ሀገር መላክ የተጀመረው ርቀቱን ለማሳጠር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በአማኑኤልም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የሱስ ሕክምና ይሰጣል፤ ቤተሰብ በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ሊደርስበት ይችላል።

ከሐኪሞች የተማርኩትን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ወንጀል ይሆንብኛል። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣን ሰው ክፍል ዘግቶ «ተው» ማለት ሊገድለው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ፣ የሌለን ነገር ማየትና መቃዠት ሊመጣ ይችላል፤ ቶማስ ሰተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን ሕመም በስሙ የለየው በ1813 ነው። ዛሬ በዳያዜፓም ዓይነት መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1፣ በሐኪም ዐይን ሥር ይታለፋል። እነዚህን ቀናት ለሆስፒታል ስጡ። ከእነርሱ በኋላ ያሉት ወራት ግን የእኛ ናቸው።

የጫት ነገር የራሱ ጠባይ አለው። የመንግሥታቱ ማኅበር በ1935 አንሥቶ የተወያየበት፣ ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ የተለየ፣ በእኛ አገር ግን ገበሬ የሚኖርበትና መንግሥት ቀረጥ የሚሰበስብበት ሕጋዊ ተክል ነው። ወጣቱ ከበርጫው ሲነሣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይወጣል፤ አንዱ ሱስ ለሌላው በር ይከፍታል። ስለዚህ «ጫቱን ብቻ ላቁም» ወይም «መጠጡን ብቻ» የሚለው ውሳኔ ከመንገዱ ግማሹን ብቻ ያያል።

ጠበልን ሳላነሣ አላልፍም፤ የሕክምና ተቋም ሳይሆን የቦታ ታሪክ አድርጌ። ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሽንቁሩ ሚካኤል የሄደ ሰው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቀመጣል። ጎኑ የሚተኙ ሌሎች ሕሙማን አሉ፤ ቀኑ በጸሎትና በጥምቀት የተከፈለ ነው፤ መጠጥና ጫት ነውር ነው። ሌክሲንግተን ያላገኘውን ጉርብትና ጠበሉ አለው። የሚያንሰው እንደ ሌክሲንግተን ሁሉ መጨረሻው ላይ ነው፤ ሰውየው ጓዙን ሸክፎ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ጠበል ስለገቡ ማቋረጥም ብዙ ጊዜ ጉዳት አምጥቷል።

ወደ ሰፈሩ የሚመለሰው ሰው የሚገባበት ማኅበራዊ ኑሮ ደግሞ በመጠጥ ዙሪያ የተደራጀ ነው። በጽዋ ማኅበር ወር በገባ ቁጥር ጠላው ይቀዳል። በሠርጉ ጠጅ፣ በክርስትናው ቢራ፣ በለቅሶ ድንኳን ማግሥት አረቄ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥም ከልክሏል። መልካም ሕግ ነው። ግን የአክስቴን «አንድ ብቻ፣ ለበረከት» የሚል አዋጅ አይከለክለውም። መጠጥ የተወ ሰው እምቢ ሲል እምቢ የሚለው ለብርጭቆው አይመስልም፤ ለሰዎቹ ይመስላል። ስለዚህ ወይ ይጠጣል ወይ ይቀራል፤ የቀረም ብቻውን ይሆናል።

እኔ አባል በሆንኩበት የሰፈር እድር የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን የማንበብ ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ በጥሩ ብዕር የጻፉት ነው። በአንዱ ገጽ የአንድ አባል ሚስት ባሏን ለመጠጥ ሕክምና ሆስፒታል ለማመላለስ የትራንስፖርት እርዳታ ትጠይቃለች። ጉባኤው ተወያይቶ፣ ደንቡ ለሞት እንጂ ለሕመም እንደማይፈቅድ አስረድቶ፣ በአዘኔታ ውድቅ አደረገው። ስምንት ወር አልፎ በሌላ ገጽ የዚያው አባል ቀብር ሙሉ ወጪ፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ምግቡ፣ ሳይጓደል መከፈሉ ተጽፏል። ሁለቱ ገጾች መካከል ምንም የለም። ጸሐፊው አላጠፉም፤ ደንቡ የሚጠይቃቸውን ሁሉ በትክክል መዝግበዋል።

ደንብ ግን ይለወጣል፤ ተለውጦም ያውቃል። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ኤች አይ ቪ በየቤቱ ሲገባ አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው አልጋ የያዘን አባል መጠየቅ፣ ማስታመም፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትን መደገፍ ጀመሩ። ለሙት የተቋቋመ ማኅበር ለሕያው ሠራ። ከዚያ ወዲህ «ደንቡ አይፈቅድም» የሚለው መልስ ሙሉ መልስ አይደለም።

ስለ ጽዋውም እንዲሁ። በድሮ ግብር ቤት ጠጅ ለማይጠጣ እንግዳ፣ ለሙስሊሙም ለልጁም፣ ብርዝ ይቀርብ ነበር፤ ያልፈላ ማር በውሃ ነው። ብርዝ የጠጣ ሰው ከማዕዱ አልተለየም፤ ለምን አትጠጣም ብሎ የሚጨቀጭቀውም አልነበረም። ባለፈው ዓመት በገባሁበት አንድ ጽዋ ማኅበር ባለ ተራዋ እመቤት ከጠላው ጋኒ አጠገብ አንድ እንስራ ብርዝ አስቀምጠው ነበር። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም፤ ማንም አልጠየቀም። ከዐሥራ ሁለታችን አራቱ ከዚያ ቀዱ።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።